«ቆሽቴ አረረ» እንላለን፤ ቆሽት ሲታመምስ?

«ቆሽቴ አረረ» ብሎ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሲያስቸግር፣ ቢሮ ሲያመላልሰን፣ ታክሲ ሲጠፋ ቆሽታችን ያርራል። ቆሽት የት እንዳለ ግን እስቲ ጠይቁን። በግ ሲታረድ ጉበትና ጨጓራ ለዱለት ይፈለጋሉ፤ ኩላሊትም ባለቤት አያጣም። ቆሽትን ለይቶ የሚያሳይ ግን ብዙ አይገኝም። ከጣፊያ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ስለዚህ ሐኪም «የቆሽት ካንሰር ነው» ሲል ቤተሰቡ ላይ ሁለት ነገር በአንዴ ይወርድበታል። አንዱ ካንሰር የሚለው ቃል ነው። ሌላው የት እንዳለ እንኳ የማያውቀው የሰውነት ክፍል ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ቤተሰብ ነው። ሐኪምን አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ግን ምን እየተባለ እንደሆነ ለመከታተል፣ የሚጠየቀውንም ለመጠየቅ ይረዳል ብዬ አስባለሁ። ነገሩ እንዳይርቅብን አንድ አባት እናስብ። ዕድሜያቸው 64። ሁለት ልጆች አዲስ አበባ፣ አንዷ ዋሽንግተን። ከሁለት ወር ወዲህ ሱሪያቸው እየሰፋ ነው።

የት ነው ያለው?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት ተጋድሞ ይገኛል። ርዝመቱ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ሐኪሞች ራስ፣ አካልና ጅራት ብለው ይከፍሉታል። ራሱ በስተቀኝ ነው፤ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ እንደ ክንድ አቅፎት ይዞራል። ጅራቱ በስተግራ ጣፊያ ድረስ ይደርሳል።

ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያሉበት ፈሳሽ ወደ አንጀት ይለቃል። በተለይ ቅባት ያለ እሱ አይፈጭም። ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቃል። ስኳራችን ልክ የሚሆነው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያዙልኝ። ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቱቦ አንጀት ከመድረሱ በፊት በቆሽት ራስ በኩል ያልፋል። ኋላ እንመለስበታለን።

«ጨጓራ ነው»፣ «የወፍ በሽታ ነው»

እኛ አገር ሆዱን ያመመው ሁሉ ጨጓራ አለበት። ፋርማሲ ጎራ ብሎ ኦሜፕራዞል ይገዛል፤ በርበሬ ይተዋል፤ ቡና ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ጨጓራ ነው። ችግሩ የቆሽት ካንሰር ሲጀምር እሱን መምሰሉ ነው። የላይኛው ሆድ ደብዘዝ ያለ ሕመም፣ ቶሎ መጥገብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። ልዩነቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሕመሙ ወደ ጀርባ ይዘልቃል። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል ይላል። ክብደት ያለ ምክንያት ይቀንሳል። ሰገራ ይቀባል፣ ይሸታል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ይህ የሚሆነው ቅባቱ ሳይፈጭ ስለሚወጣ ነው።

አሁን ወደ ሐሞት ቱቦው እንመለስ። እብጠቱ በቆሽት ራስ ላይ ከሆነ ቱቦውን ይጫነዋል። ሐሞት መውጫ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል። ሰገራ ግን ይገረጣል፣ የሸክላ አፈር ይመስላል። ሰውነት ያሳክካል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይብሳል።

ቢጫ ዓይን ያየ ጎረቤት ምን ይላል? «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ አልፎበት ነው። ሐኪም ቤት አይሆንለትም፤ እገሌ ጋ መድኃኒት አለ።» ይህን የሚሉ ሰዎች ላይ ማሾፍ አልፈልግም። አገራችን ውስጥ ቢጫ ዓይን ብዙ ጊዜ ከጉበት ቫይረስ ጋር ስለሚመጣ፣ አንዳንዱም በራሱ ስለሚድን፣ «መድኃኒቱ ሠራ» ተብሎ ይወራል። የተዘጋ ቱቦ ግን በሥራሥር አይከፈትም። ዕድሜው 50 ያለፈ ሰው፣ ሕመም ሳይኖረው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ጉዞው በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። የቆሽት ራስ ካንሰር በቢጫ ዓይን ራሱን አንዳንዴ ቀደም ብሎ ያጋልጣል። እብጠቱ ገና ትንሽ፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በጅራቱ በኩል የበቀለው ይህ ማንቂያ የለውም፤ ዝም ብሎ ያድጋል። እንግዲህ ማንቂያው ከጮኸ በኋላ በሥራሥር የሚባክነው ወር ከወሩ ሁሉ ውዱ ነው።

ስኳርም ሌላ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በኋላ ስኳር አዲስ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር የሚታይባቸው አንድ ያህል ናቸው። ስለዚህ ስኳር የተገኘበት ሁሉ አይደንግጥ። ስኳሩ ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ግን ለሐኪሙ ጠበቅ አድርጎ መንገር ይገባል። ያሰብናቸው አባት ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስኳር ተገኘባቸው፤ ልጆቹ «ጣፋጭ ስለሚወድ ነው» አሉ። መክሳታቸውንም በስኳሩ አሳበቡ። ከዚያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ።

ምርመራው ላይ የሚያከራክሩን ነገሮች

አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይታዘዛል። ቱቦው መስፋቱን በደንብ ያሳያል። ቆሽትን ራሱን ግን የጨጓራና የአንጀት አየር ይጋርደዋል። ስለዚህ «አልትራሳውንዱ ምንም የለውም» ማለት «ቆሽቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ዋናው ምርመራ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። የሲዲውን ቅጂ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ ሐኪም ማየት ሲፈልግ የሚጠይቃችሁ ወረቀቱን ሳይሆን ምስሉን ነው።

ናሙና የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ ጫፍ ላይ በተገጠመ አልትራሳውንድ እየታየ፣ በቀጭን መርፌ ነው። እዚህ ጋ ቤተሰብ ይጨቃጨቃል። «ካንሰር ብረት ከነካው ይሠራጫል» የሚል አጎት አይጠፋም። ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ብዙ ሰው የሚቀደደው በሽታው ሰፍቶ ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሞተውን «ብረቱ ገደለው» ይሉታል። በመርፌ ምክንያት የመዛመት ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ናሙና ሳይኖር ደግሞ ኪሞቴራፒ (ካንሰሩን የሚያጠቃው መድኃኒት፤ ባጭሩ ኪሞ) አይጀመርም። በሌላ በኩል፣ ሲቲው ግልጽ ሆኖ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ፣ ቀዳጁ ሐኪም ያለ ናሙና ሊገባ ይችላል። ያ ስህተት አይደለም።

ሲኤ 19-9 የሚባል የደም ምርመራም ትሰማላችሁ። ብቻውን ካንሰር አለ ወይም የለም አይልም። የሐሞት ቱቦ በሌላ ምክንያት ሲዘጋም ይጨምራል። ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ደግሞ በተፈጥሮው ይህን ንጥረ ነገር አያመርትም፤ ካንሰሩ እያለም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ጥሩ የሚጠቅመው ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለመከታተል ነው።

ሁሉም የቆሽት ካንሰር አንድ አይደለም

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ቀረው?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን «ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ነበር የምጀምረው።

ከ10 ታማሚ ዘጠኙ ያህል የሚይዘው አዴኖካርሲኖማ ይባላል፤ ኢንዛይሙን ከሚያወርዱት ቱቦዎች ነው የሚነሳው። ኃይለኛው እሱ ነው። ሌላው እንደ ኢንሱሊን ያሉ ሆርሞኖች ከሚያመነጩት ሴሎች የሚነሳ ሲሆን ኒውሮኢንዶክራይን ይባላል። ይህኛው ብዙ ጊዜ ቀርፋፋ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ የነበረበት ይህ ዓይነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ታወቀበት፣ በ2011 አረፈ። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ አቅራቢ አሌክስ ትሬቤክ ደግሞ ደረጃ 4 ላይ፣ ማለትም ተሠራጭቶ፣ እንዳለ በመጋቢት 2019 ለሕዝብ ተናገረ፤ በኅዳር 2020 አረፈ። ሁለቱም «የቆሽት ካንሰር» ተብሎ ነው የተነገረላቸው። አንድ ዘመድ ደውሎ «እኔ የማውቀው ሰው ስምንት ዓመት ኖሯል» ወይም «የእገሌ እናት በሦስት ወር ነው ያለቀችው» ሲላችሁ ይህን አስታውሱ። ስለ ሌላ በሽታ እያወራችሁ ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩ ጥያቄ «ይወጣል ወይ?» ነው። ከደረጃ ቁጥሩ ይልቅ በተግባር መንገዱን የሚወስነው ይህ ነው። በቆሽት ጀርባና ሥር ለአንጀትና ለጉበት ደም የሚያመላልሱ ትላልቅ የደም ሥሮች ያልፋሉ። እብጠቱ እነሱን ካልነካ ይወጣል። ከነካካ ድንበር ላይ ነው፤ መጀመሪያ ኪሞ ተሰጥቶ ከዚያ ይታያል። ጠቅልሎ ከያዛቸው ለጊዜው አይወጣም። ወደ ጉበት፣ ሳንባ ወይም የሆድ ዕቃ ሽፋን ከተሠራጨ ቀዶ ሕክምና አይጠቅምም። ምርመራው ሲወጣ ወዲያው በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው የሚችሉት ከ100 ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ናቸው። ግማሽ ያህሉ ተሠራጭቶ ነው የሚገኝባቸው።

ቁጥሮቹን ሳልነግራችሁ ብቀር ጎግል ይነግራችኋልና ልንገራችሁ። በአሜሪካ የቆሽት ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች አምስት ዓመት የሚኖሩት 13 በመቶ ያህል ናቸው። በቦታው ሳለ የተገኘ ከሆነ 44 በመቶ፤ ሩቅ ከተሠራጨ 3 በመቶ። ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አጠቃላዩ 3 በመቶ ነበር። ደግሞም የዛሬው 13 በመቶ የሚቆጥረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ታመው በጊዜው በነበረው መድኃኒት የታከሙትን ነው።

ሐኪም «አማካዩ 11 ወር ነው» ሲል ብዙዎቻችን የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እንዳደረገ እንሰማዋለን። እንዲህ አስቡት። 100 ታማሚ በሰልፍ ቆመዋል። 50ኛው ሰው የደረሰበት ቀን ነው 11 ወር የተባለው። ከዚያ በኋላ 50 ሰው አለ። አንዳንዱ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንዳንዱ በጣም ርቆ። የእናንተ ሰው ሰልፉ ውስጥ የት እንዳለ የሚያሳየው ዓይነቱ፣ ስፋቱ፣ የሰውነት አቅሙና መድኃኒቱ ምን ያህል እንደተስማማው ነው። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አይታወቅም።

ሕክምናው

ትልቁ ቀዶ ሕክምና ዊፕል ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳወቀው በኒው ዮርኩ ቀዳጅ ሐኪም በአለን ዊፕል ነው። የቆሽት ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱና የቱቦው ክፍል፣ አንዳንዴም የጨጓራ ጫፍ ይወጣል። የቀረው ሁሉ ከአንጀት ጋር እንደ አዲስ ይሰፋል። ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ድሮ ከአራት አንድ ሰው የሚሞትበት ጊዜ ነበር። ልምድ ባላቸው ሆስፒታሎች ዛሬ ከ100 አምስት እንኳ አይሞላም። «ልምድ ባላቸው» የሚለው ላይ ነው ክብደቱ። ቀዳጁን ሐኪም «በዓመት ስንት ትሠራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ሐኪም ደስ ብሎት ይመልሳል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኪሞ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ላይ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፎልፊሪኖክስ የተባለውን የአራት መድኃኒት ጥምር የወሰዱት በአማካይ 54 ወር ሲኖሩ፣ ጄምሲታቢን የተባለውን አንድ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት 35 ወር ኖረዋል። ለተሠራጨው በሽታ ደግሞ በ2011 ይኸው ጥምር ከ7 ወር ግድም ወደ 11 ወር ከፍ አድርጎት ነበር። ግን ጠንካራ መድኃኒት ነው። አንዱ ክፍሉ ትንሽ ፓምፕ ተንጠልጥሎ ሁለት ቀን ያህል ቀስ እያለ ይገባል። ሰውነቱ ለማይችል ሰው ጄምሲታቢን ለብቻው ወይም ከሌላ ጋር ይሰጣል። «ቀለል ያለውን ሰጡት፣ ተስፋ ቆርጠውበት ነው» ብላችሁ አትተርጉሙት። ሰው ከመድኃኒቱ ጋር መኖር መቻል አለበት።

የዘር ምርመራም ጠይቁ። ከ100 ታማሚ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው በዘር የወረሰው የጂን ለውጥ አለበት። አንዱ ከጡትና ከእንቁልጢ ካንሰር ጋር ስሙ የሚነሳው ቢአርሲኤ ነው። ከተገኘ የመድኃኒቱ ምርጫ ይለወጣል፤ ኦላፓሪብ የተባለው እንክብል ለእነዚህ ሰዎች በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ለልጆችም መረጃ ነው። ኬራስ የሚባል ጂን ደግሞ ከ10 ታማሚ በዘጠኙ እብጠት ውስጥ ተለውጦ ይገኛል። ለአሥርት ዓመታት መድኃኒት አይገባውም ይባል ነበር። አሁን በቀጥታ እሱን የሚያጠቁ መድኃኒቶች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ፣ «የምንገባበት የሙከራ ሕክምና አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቤት ስለመሸጥ

ስልኩ ይደወላል። የዋሽንግተኗ ልጅ «ባንኮክ እንውሰደው» ትላለች፤ አንዱ «ሕንድ ይሻላል» ይላል። ቤቱ ለሽያጭ ይነገራል። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ምስሉ ይሂድ፣ ሰውየው ይቆዩ። የሲቲውን ፋይል መላክ ከቲኬት ይረክሳል። መልሱ «ይወጣል» ከሆነና እዚህ የሚሠራው ከሌለ፣ ጉዞው ትርጉም አለው። መልሱ «ተሠራጭቷል» ከሆነ፣ ውጭ አገር የሚሰጠው ዋናው ነገር ያው ኪሞቴራፒ ነው። እዚህ ከተገኘ፣ አባትን ከቤታቸውና ከጎረቤታቸው አርቆ በሆቴል ክፍል ማስታመም ምን ይጨምርላቸዋል? ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሰው መንገድ መፈለጉ አይገርምም። ብቻ ውሳኔው ከመረጃ በኋላ ይሁን።

«ለእሱ እንዳትነግሩት»

መርዶ በሌሊት ተነስተን፣ ሽማግሌ ሰብስበን የምንናገር ሕዝብ ነን። ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም። ስለዚህ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዘን «ለእሱ እንዳይነግሩት፣ ይደነግጣል» እንላለን። ፍቅር ነው፤ አልክድም። ግን የሚያስከፍለውን ዋጋ አስቡት። አባት ፀጉራቸው እየረገፈ «ጨጓራ ነው» ይባላሉ። ያልታሰበ ቀጠሮ ሲበዛ ይገባቸዋል። እሳቸውም ልጆቹ እንዳያዝኑ ማወቃቸውን ይደብቃሉ። ሁለቱም ወገን እየተዋደደ ለብቻው ያለቅሳል። የርስቱን፣ የብድሩን፣ የታረቁትንና ያልታረቁትን ሰው ጉዳይ የሚናገሩበት ጊዜ ያልፋል።

ሁሉን በአንድ ቀን ማፍሰስ አያስፈልግም። «አባዬ፣ ስለ ሕመምህ ሁሉን ማወቅ ትፈልጋለህ ወይስ እኛ እንከታተልልህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አንዳንዱ «እናንተ ጨርሱት» ይላል። ያም መልስ ነው፤ የእሳቸው ምርጫ ሆነ።

አሜሪካ ላሉ ደግሞ መደበቁ አይሠራም። ውጤቱ በታማሚው ስልክ ይመጣል። ሐኪሙም ፊት ለፊት ይናገራል። ያን ጊዜ የሚያስተረጉመው ልጅ ይጨነቅና «ካንሰር» የሚለውን «ትንሽ ቁስል» ይለዋል። ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። ቃሉም ያምታታል። «ነቀርሳ» ካንሰርም ነው፣ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቲቢ ነው። ስለዚህ ካንሰርን ካንሰር በሉት።

ጸበል፣ ጾም፣ ክኒኑ ውስጥ ያለው አሳማ

ጸበል መሄድና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒት ጥለው ጸበል ይቀመጡ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ሐኪሙን የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ባዶ ሆድ ብዙ ውሃ መጠጣትና በኪሞ ጊዜ በብርድ መጠመቅ። ይህን ለሐኪሙም ለካህኑም ንገሩ።

ጾም ላይ ግን ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። ይህ በሽታ ሰውን በማክሳት ነው የሚያዳክመው። ለከሳ ሰው እንቁላልና ወተት መድኃኒት ናቸው። የታመመ ሰው ጾሙን እንዲተው እንደሚፈቀድለት ሁሉም ያውቃል። ግን ብዙ እናቶች ተደብቀው ይጾማሉ። ሐኪም ሲናገር አይሰሙም። የነፍስ አባታቸው ሲፈቱላቸው ይሰማሉ። ስለዚህ የነፍስ አባትን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ምግብ ካልተፈጨ ደግሞ መብላቱ ብቻ አይበቃም። ቆሽቱ የሚያመነጨውን ኢንዛይም የሚተካ ክኒን አለ፤ ክሬዮን የሚባለው ይታወቃል። ከምግቡ ጋር፣ በመጀመሪያው ጉርሻ ይወሰዳል። በልቶ ከጨረሱ በኋላ ከተወሰደ ግማሽ ጥቅሙ ይቀራል። የሚንሳፈፍ ሰገራ፣ የሆድ መነፋትና መክሳት ላለበት ሰው ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሐኪሞች አንዳንዴ ማዘዙን ይረሱታል፤ እናንተ አስታውሷቸው። ግን ልንገራችሁ፤ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ይህን ሲሰማ ክኒኑን ሊወረውር ይችላል። ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት ለሕመም ሲሆን ይፈቅዱታል። ቀድሞ ማወቅና የራስን አባት ወይም ሼህ መጠየቅ፣ ከሦስት ወር በኋላ ከጎረቤት ከመስማት ይሻላል።

በኪሞ ጊዜ ጥሬ ሥጋ የለም። ክትፎም ቢሆን በደንብ የበሰለ። ለብለብ አይሠራም። ያልፈላ ወተትም እንደዚያው። በፎልፊሪኖክስ ውስጥ ያለው ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ ቅዝቃዜን ያስጠላል፤ ፍሪጅ መንካት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮ ይይዛል። ለብ ያለ አጥሚት ያን ጊዜ ዋጋው ይታወቃል። ሙቀት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ነው። «እስኪነጋ» አይባልም። አንድ እግር ብቻ ካበጠም እንደዚሁ፤ ይህ ካንሰር ደም ያረጋል።

ጠያቂስ? ብርቱካንና ማልት ይዞ ይመጣል፣ እግዜር ይባርከው። ጉንፋን የያዘው ግን በስልክ ይጠይቅ። «የእገሌ አባትም በዚሁ ነው የሞተው» የሚለውን እንግዳ ደግሞ ቡና ሳይፈላ መሸኘት የቤቱ ልጅ ሥራ ነው።

ስለ ሕመም ስሜት

የዚህ ካንሰር ሕመም መጥፎ ስም አለው። እብጠቱ በጀርባ በኩል የነርቭ መረብ አጠገብ ስለሆነ ነው። ግን ይታገሳል ተብሎ የሚተው አይደለም። ሞርፊን አለ። ለሕመም በልኩ የተሰጠ ሞርፊን ሱሰኛ ያደርጋል ብሎ መከልከል ታማሚውን በከንቱ ማሰቃየት ነው። የማይቀረው ድርቀት ነው፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት በዚያው ቀን ይጀመር። ነርቩን በመርፌ የማደንዘዝ ሕክምናም አለ። ለተዘጋው ቱቦ በኢንዶስኮፒ ትንሽ ማስገቢያ ቱቦ ይገባል፤ ማሳከኩ በቀናት ይቀንሳል፣ ዓይኑም ቀስ ብሎ ይነጣል።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ማስታገሻ ሕክምና ይባላል። ብዙ ቤተሰብ «አለቀለት» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። ከኪሞ ጋር አብሮ ከመጀመሪያው ሊሰጥ ይችላል፤ የሚሻለውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት ሄዶ ይህን ሥራ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል።

አባት ከሁለተኛው ኪሞ በኋላ ትንሽ ክብደት ጨመሩ እንበል። ጥምቀት ደርሷል። ትውልድ መንደራቸው ሄደው ታቦት ሲወጣ ማየት ይፈልጋሉ፤ ቀጠሮው ግን በዚያው ሳምንት ነው። ልጆቹ ለመጠየቅ ይፈራሉ። ሐኪሙን ጠይቁት። ዙሩን በሳምንት መግፋት ብዙ ጊዜ ይቻላል። የሙቀት መለኪያ፣ ክኒኖቹንና የሆስፒታሉን ስልክ ይዘው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይሂዱ።